አምፖል በቀትር

ሀብተሥላሴ ታፈሰ አገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ ኮሪደራችንን አላሳዩም፤ ጥሩም አደረጉ። ጎረቤት ፎቁን ድንበር ድረስ አስጠግቶ ሠርቷል፣ ሰርቪሱ በሌላ በኩል ተለጥፏል፣ የመሃሉ ክፍል መስኮት ቢኖረውም የሚያየው ብሎኬት ነው። ስለዚህ ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳ ውስጥ አምፖል አብርተን ጫማ እንፈልጋለን፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። መብራት ከጠፋማ በቀን 6 ሰዓት መታጠቢያ ቤት የሚገባው በሞባይል ባትሪ ነው። የጎደለው መግቢያ እንጂ ፀሐይ አይደለም፤ ግድግዳው ከተዘጋ ደግሞ የቀረው ጣሪያ ነው። የብርሃን ቱቦም ለዚሁ የተሠራ ዕቃ ነው፦ ቆርቆሮው ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጉልላት፣ ከሥሩ ውስጡ የሚያንጸባርቅ ቱቦ፣ ኮርኒሱ ላይ ብርሃኑን የሚበትን ክዳን።

ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቱቦው ማንጸባረቅ ነው። ለለንደን ሰው እውነት አለው። እዚያ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለምትነሳ፣ ጉልላቱ ካላገዘው በቀር ብርሃኑ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ 15 ጊዜ ያህል እየተላተመ ይወርዳል። በእያንዳንዱ ግጭት 98 በመቶ የሚመልስ ቱቦ በመጨረሻ 74 በመቶውን ያደርሳል፤ 90 በመቶ የሚመልሰው ርካሹ ግን 21 በመቶውን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በዚያው ወር እንኳ የቀትር ፀሐይዋ ወደ 58 ዲግሪ ትወጣለች፤ ግጭቱ ከ3 አይበልጥም፤ ርካሹም ቱቦ 73 በመቶ ያደርሳል። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልዩነቱ እንደሚሰፋ አይካድም። ቢሆንም ገንዘብ ውስን ከሆነ ከማንጸባረቁ ይልቅ ስፋቱ ይቅደም፦ የ35 ሴንቲ ሜትር አፍ ከ25ቱ እጥፍ ያህል ብርሃን ይቀበላል። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የሚተጣጠፈው ዓይነት ለሠራተኛው ቢመችም በእጥፋቶቹ ብርሃኑን ያባክናል።

«አንድ ቆርቆሮ ነቅሎ በሚያሳይ ፕላስቲክ መተካት አይቀልም?» ይባላል። ኮርኒስ ለሌለው ማድ ቤት በሚገባ ይቀላል። ከዚያም የሚቀል አለ፤ ብራዚላዊው መካኒክ አልፍሬዶ ሞዘር በ2002 እ.ኤ.አ. ባለ 2 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሞልቶ፣ ጥቂት በረኪና ጨምሮ ጣሪያ ላይ ሰካው፤ ቤቱም በራ። በረኪናው ውሃው እንዳይሻግት ነው። ኮርኒስ ባለበት ቤት ግን የዚህ ሁሉ ብርሃን ተጠቃሚዎቹ አይጦች ናቸው፤ ቱቦ ያስፈለገው በእነሱ በኩል አልፎ ወደ እኛ እንዲደርስ ነው። ሌላው ደግሞ «ኤልኢዲ አምፖል ስንት ይበላል?» ይላል። ልክ ነው፣ ጥቂት ነው፤ የመብራት ሒሳብ እቀንሳለሁ ብሎ ቱቦ የሚገዛ ሰው ትርፉን የልጅ ልጁ ይቆጥርለታል። የሚገዛው ቀን መብራት ሄደ መጣ ከማለት ለመገላገል ነው። ኮንዶሚኒየም መካከለኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግን ይቅርበት፤ ቱቦው የላይኛውን ጎረቤት ሳሎን ሰንጥቆ መምጣቱ ነው።

መልስ ለመስጠት የሚከብደው የዝናቡ ጥያቄ ነው። ደህና ቆርቆሮ መብሳት ክረምትን በራስ ላይ መጋበዝ ነው የሚሉ አልተሳሳቱም፤ ቱቦን የሚያስጠላው ጨለማ ሳይሆን ከሥሩ የሚቀመጠው ባልዲ ነው። መፍትሔው ሲሊከን መለቅለቅ አይደለም፤ እሱ ውሎ አድሮ ከቆርቆሮው ይላቀቃል። በጉልላቱ ዙሪያ ያለው የውሃ መከላከያ ክፈፍ (ፍላሺንግ) የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር መግባት፣ የታችኛው ጠርዙ ደግሞ ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ መዋል አለበት፤ ውሃ ወደ ላይ አይወጣምና። ለበረዶውም ጉልላቱ ፖሊካርቦኔት ቢሆን ይመረጣል። እንግዲህ ሻጩ ስለ ፀሐይ ሲያወራ አቋርጡትና ፍላሺንጉን አሳየኝ በሉት፤ «ሲሊከን እናደርግበታለን» ካለ፣ በዚያው ገንዘብ ባትሪ ግዙ።