ሰጥቶ የመክበር ሒሳብ

የልጄ አስጠኚ ግድግዳችን ላይ የለጠፈውን ሰንጠረዥ ያላየ ሰው ስለ ትምህርት ጥራት ባያወራ ይሻላል። በግራ በኩል በሰማያዊ፦ «አገኘ፣ ተቀበለ፣ ጨመረ፣ በጠቅላላ» ካለ ደምር። በቀኝ በኩል በቀይ፦ «ሰጠ፣ ከፈለ፣ ጠፋ፣ ቀረ» ካለ ቀንስ። አለቀ። የብር የቃላት ፕሮብሌም ከሚባል ጣጣ እስከነታሪኩ ተገላገልን።

ፍሬውም ወዲያው ታየ። «ሶስና ለወንድሟ 5 ብር ሰጠችው። አሁን 7 ብር አላት። መጀመሪያ ስንት ብር ነበራት?» ልጄ «ሰጠችው»ን ለቅሞ፣ ከ7 ላይ 5 ቀንሶ፣ «2!» አለኝ። 2 ብር የነበራት ልጅ 5 ሰጥታ 7 ተረፋት። በረከት ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ጥበብ በሁለተኛ ክፍል ደብተር ታፍኖ መቅረቱ ያንገበግበኛል። ልጁን የሰፈራችን ዕቁብ ጸሐፊ አድርገን እንሹመው። ሃያ ዕቁብተኛ በየሳምንቱ 500፣ 500 ብር ይጥላል። አባላቱ «ሰጡ»፤ ጸሐፊያችን ይቀንሳል፤ ሣጥኑ የ10,000 ብር ዕዳ ውስጥ ገባ። ባለዕጣው 10,000 ብር «ተቀበለ»፤ ጸሐፊያችን ይደምራል፤ ዜሮ መጣ። ትክክል! መልሱ ከመጣ አመጣጡን ማን ይጠይቃል? ዳኛው ግን ብልህ ናቸውና መዝገቡን ገልጠው ዕዳው የሚመጣው ከጣዮቹ እንደሆነ ይደርሱበታል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማንም እንዳይጥል፣ ባለዕጣው ብቻ እንዲቀበል ይወሰናል። በቀሩት 19 ሳምንታት ውስጥ ሁሉም ደርሶት፣ መዝገቡ ላይ 190,000 ብር ይከማቻል። የጎረቤት ዕቁቦች ሊቀላቀሉን ይሰለፋሉ። ተደብቆ 500 ብር ሲጥል የተያዘ አባል ማኅበሩን በማክሰር ይቀጣል፤ ቅጣቱም 1,000 ብር መቀበል ነው።

ታክሲ ረዳት ጋ 5 ብር መልስ «የቀረበት» ተሳፋሪ ደግሞ ሌላ 5 ብር ከኪሱ ቀንሶ ይወርዳል።

በዚህ የተራቀቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ፈረንሳይ ግረኖብል ውስጥ፣ «መርከብ ላይ 26 በግና 10 ፍየል አለ፤ የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?» ተብለው ከተጠየቁ 97 ተማሪዎች 76ቱ በቁጥሮቹ አስልተው ዕድሜውን ነግረዋል። እነሱ ግን ባለቀለም ሰንጠረዥ አልነበራቸውም።

ይበቃል። ይህ ማስተማር አይደለም፤ ልጅን እንዳያነብ ማሠልጠን ነው። ሰንጠረዡ የሚሠራው ጥያቄው ለሰንጠረዡ ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ባለሱቁ በሰማያዊና በቀይ አያወራም። የአንድ ብር ሳንቲሞች ያዙ። እናንተ ሶስናን ሁኑ፣ ልጁ ወንድሟን ይሁን። 5 ብር ስጡት፤ እጃችሁ ላይ የቀረውን 7 ይቁጠር። ከዚያ የወሰደውን ይመልስና እንደገና ይቁጠር። «ሰጠች» ተብሎ ለምን እንደሚደመር ያኔ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

«ይህማ ጊዜ ይፈጃል» ይሉኛል። ይፍጅ! አስጠኚው የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ አይከስርም።