ለመሪዎች ብቻ

እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው የሐምፍሬይ ፌሎሺፕ በሥራ ላይ የበሰሉ ባለሙያዎችን ከየአገሩ መርጦ ለአሥር ወራት ያህል አሜሪካ ያቆያል። ዲግሪ የለውም፤ የአመራር ሥልጠና ግን በሽ ነው። ለማመልከት ቢያንስ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ያሻል።

የሐረሯ የጊድር መጋላ ገበያ ቅመም ሻጭ ይህን መስፈርት ገና በልጅነቷ አልፋዋለች። አንዱን ደንበኛ በሐረሪ፣ ሌላውን በኦሮምኛ፣ ሦስተኛውን በሶማሊኛ ተከራክራ፣ ዋጋውን በአማርኛ ትቆርጣለች። «ግጭት አፈታት» የሚባለውንም በሚዛኗ ፊት በየቀኑ ታስተምራለች፤ ያለ አበል፣ ያለ አንገት ባጅ። ምን ያደርጋል፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላት አለቃ የላትም!

ስለዚህ የሚሄዱት አለቆቹ ናቸው። ልዩ ልዩ ሕዝብ በአንድ ገበያ እንዴት ተቻችሎ እንደሚኖር ሊያጠኑ ውቅያኖስ ይሻገራሉ። ገበያው እኮ ከቢሯቸው በእግር የሚደረስበት ነው፤ ለእሱ ግን የአየር ቲኬት አይቆረጥም።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቢቆይ፣ ጉዞውን በወፍራም መጽሐፍ አወጣው። የእኛዎቹ አሥር ወር ቆይተው ሲመለሱ አሥር ስላይድ ያሳያሉ። አሥረኛው «አመሰግናለሁ» የሚል ነው።