ይህ መኪና የሚቆመው በስንት በግ ነው?

እኛ ልጆች ሳለን የሚከፈለው ለመሄድ ነበር። ለአውቶቡስ ሳንቲም ቆጥረህ ትሰጣለህ፣ በቅሎ ስትዋስ ባለቤቷን ደጅ ትጠናለህ። መቆም ግን በነፃ ነበር። በቅሎ ልጓሟን ሳብ ስታደርጋት ትቆማለች። አህያማ ማንም ሳይጠይቃት ነው የምትቆመው፤ ለዚያም ያስከፈለኝ ሰው የለም። መኪና የሚሉት ፍጥረት ሲሄድም ያስከፍላል፣ ሲቆምም ያስከፍላል። ዕድሜ ሰጥቶኝ አየሁት፤ የመቆሚያው ሒሳብ ከመሄጃው በለጠ።

ልጆቼ «አባባ፣ እግርዎን ያሳርፉ» ብለው አንዲት አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ሰጡኝ። የሰጡኝ መኪናዋን ነው፤ ፍሬኗን የማበላው እኔ ነኝ። ሰሞኑን ከፊት ጎማዋ በኩል ሲጥ፣ ሲጥ ማለት ጀመረች። ለካ የፍሬኑ ሸራ ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ሆን ተብላ የምትገጠም ቀጭን ብረት አለች። ጃፓኖች ጨዋ ናቸው፤ ሰው ከመግደላቸው በፊት ያስጠነቅቃሉ። ባለቤቴ ግን «ኧረ እሷስ ታለቅሳለች፤ እርስዎ ነዎት እንጂ የማይሰሙ» ብላ ወደ መካኒክ ሰደደችኝ።

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው መካኒክ ልጅ ነው። ጎማውን ፈታና ሸራውን አወጣ፤ ዲስኩንም በጣቱ ዳሰሰና እንደ ሐኪም ራሱን ነቀነቀ።

«አባቴ፣ ሸራው ብቻ አይደለም። ዲስኩም ሄዷል።»

«ቶርኖ ቤት ወስደህ አስላጨው።»

«ተላጭቶ አልቋል። ይኸው እዚህ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ ከዚህ ውፍረት በታች ከሳሳ ይጣላል ይላል።»

እውነትም ተጽፏል። ፋብሪካው ብረቱ ላይ የሚሞትበትን ልክ ቀርጾ ነው የላከው። የሳሳ ዲስክ ሙቀት አይችልም፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ፔዳሉም ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ይሁን ብዬ የግራው ብቻ ይቀየር፣ የቀኙ ገና ነው አልሁት። «ጥንድ ነው የሚቀየረው» አለኝ። እንኳን ሸራ፣ ባልና ሚስትም በአንድ ቀን አይሞቱም! ልጁ አልሳቀም። አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ጣርማ በር የሚባለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንደኛው ወገን ገደል ነው። እዚህ ላይ ዝም አልሁ።

ዲስኩ መሐል ሜዳ አልተገኘም። ደብረ ብርሃን «ነገ ይመጣል» አሉኝ፤ የነገን ነገር ስለማውቅ በሌላ ሰው ፍሬን ታምኜ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ወረድሁ። ሶማሌ ተራ የሚባለውን የመለዋወጫ ሰፈር የማያውቅ ባለመኪና የለም። በዚያ ሰፈር ላይ የሚቀለደውን ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት የጠፋብህን ስፖኪዮ ከሰዓት በኋላ ገዝተህ ትመለሳለህ ይባላል። እኔ የጠፋብኝ ነገር የለም፤ የጠፋው ገንዘቤ ነው።

«ፋዘር፣ ኦሪጅናል ላድርግልዎ ወይስ ኮፒ?» አለኝ ባለሱቁ።

«እኔ የሚያቆመውን ነው የምፈልገው።»

«ሁለቱም ያቆማሉ። ኦሪጅናሉ ይቆያል እንጂ።»

«ሳያልቅ ነው የሚቆየው፣ ወይስ ሳያቆም?»

ዋጋውን ነገረኝ። እኔ ብር ሲሉኝ አይገባኝም፤ ብር በየወሩ መልኩ ይቀየራል። የማስበው በበግ ነው። የመንዝ በግ ቁመቷ አጭር ቢሆንም ላቷ ያኮራል፣ ጠጉሯም ባና ሆኖ ብርድ ይመክታል። በዚህ ሒሳብ ሁለት የፊት ዲስክ ከነሸራው የሙክቶቼን እኩሌታ ይዞ ይሄዳል። ያውም ኮፒው! ኦሪጅናሉን ብገዛ እናት በጎቹም ተከትለው ይወጣሉ። ለአንድ ሙክት ዓመት ተኩል ሣርና ጨው ፈጅቻለሁ። ሸራው እኮ እየተፋቀ በአቧራ መልክ ከመንገድ ዳር የሚቀር ዕቃ ነው። በግ ብበላ ቢያንስ አጥንቱ ለውሻው ይተርፍ ነበር።

ለምን ተወደደ ብዬ ጠየቅሁ። «ዶላር ነዋ!» አለኝ። ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ሽቅብ ነጎደ። እኔ ከጓሳ ተራራ ስወርድ ፍሬን ያዝ ይሉኛል፤ ብሩን ግን ቁልቁል ሲለቁት ፍሬን የያዘለት አላየሁም። የሆነ ሆኖ ካርቶኑ ላይ የተኛው አቧራ ከዚያች ሐምሌ በፊት የነበረ ለመሆኑ እምላለሁ። አቧራው በድሮ ዋጋ ገብቶ በአዲስ ዋጋ ወጣ።

አንድ የልጅ ልጅ አለኝ፣ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚማር። «አባባ፣ ጥፋቱ የባለሱቁ ብቻ አይደለም፤ የአገራችንም ነው» ብሎ ወረቀት አወጣ። ከጣርማ በር ሸዋ ሮቢት ድረስ ቁልቁለቱ ወደ 1,800 ሜትር ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን የተጫነ ፒክአፕ ያን ሁሉ ሲወርድ የሚወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሞተሩና ነፋሱ የሚይዙትን ትተን ሁሉንም ለፍሬኑ ብንሰጠው፣ ከመቶ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። የሠርግ ቤት ጎላ በሉት! ጎላውን የሚጥዱት እነዚያ አራት መዳፍ የማያህሉ ሸራዎች ናቸው። እኔ ማገዶ ቆጥቤ ፍሬን ሳነድ ኖሬያለሁ።

የልጅ ልጄ በዚያ አላበቃም። ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በውጭ አየር ግፊት ነው። እኛ ባለንበት በ3,000 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ መንዝ ላይ አየሩም አያግዝም! ምጽዋ የሚነዳ ሰው በጣቱ የሚያቆመውን እኔ በጉልበቴ ነው የማቆመው፤ ጉልበቴን ደግሞ ታውቁታላችሁ። የፍሬን ዘይቱም የራሱ አመል አለው። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ግን እርጥበት ይጠጣል፤ ጠጥቶ ሲያረጅ 140 ላይ ይፈላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። የጣርማ በር ጉም ስንት ዓመት ሲጠጣ እንደኖረ አስቡት እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ለመርሐቤቴው አማቼ ብነግረው ሳቀብኝ። «እናንተ መንዞች ምን አላችሁ? ስትሄዱ ትወርዳላችሁ፣ ስትመለሱ ትወጣላችሁ። እኛ ዓለም ከተማዎች ከዚህ ወደ ጀማ ወንዝ እንወርዳለን፣ ተሻግረን ወደ ለሚ እንወጣለን፤ ስንመለስ ደግሞ ከለሚ ወደ ጀማ ወርደን ወደ ቤታችን እንወጣለን። ሄድንም መጣንም ቁልቁለት አለብን!» እውነቱን ነው፤ ግን እንዲህ በኩራት መናገሩ አናደደኝ። እኔም የጓሳን ጭላዳ አነሣሁበት። መንጋው መንገድ መሐል ተቀምጦ ቅማሉን ሲለቅም ክላክስ አይሰማም፤ የአገር ቅርስ ስለሆነም አይገጭም፤ ፍሬን ነው የሚፈልገው። ጭላዳ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ነው። የግሼው ጓደኛችን በመሐል ገብቶ «እናንተ የምትጨቃጨቁት በደረቅ መንገድ ነው፤ በሸራና በዲስክ መካከል ጭቃና ጠጠር ሲገባ ኑና እዩ» ሲል ሁለታችንም ተውነው። ግሼን ማንም አይረታውም።

የሚገርመኝ ደግሞ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ቁልቁለት የሚለቅ ሾፌር ነው። በሁለተኛ ማርሽ ቢወርድ ሞተሩ ይይዝለት ነበር፤ አዳዲሶቹ ሞተሮች እንዲያውም በማርሽ ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል። የቆጠበው የለም፤ ሸራውን ግን ጨርሷል። ለእንዲህ ያለው ሰው የድሮው ረዳት ነበር የሚያዋጣው። ታኮውን በብብቱ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ይሸጉጥ ነበር፤ ታኮ ከዶላር ጋር አይጨምርም። እኔም የጎረቤት ልጅ ልቅጠር ብዬ ነበር፤ ዋጋውን ሲነግረኝ ተውሁት።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና ለዐፄ ምኒልክ ሲያመጣላቸው አገሩ ሁሉ የተደነቀው ያለ ፈረስ በመሄዱ ነበር። ከመኳንንቱ ስለማቆሚያው ዋጋ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ያኔውኑ ይመልሱት ነበር።

እንግዲህ ኦሪጅናሉን ገዛሁ። ስለ ገደሉ ነው እንጂ ስለ ባለሱቁ አይደለም። ሙክቶቹ ሲነዱ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ «መኪናዋ በላቻቸው በሉኝ» ብላ ገባች።

ያ የልጅ ልጄ ደግሞ ሰሞኑን ሌላ ይዞ መጣ። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ ያለው ኤሌክትሪኩ ነው። «አባባ፣ እሱ እኮ ፍሬን አይጨርስም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ እየያዘም ባትሪውን ይሞላል» አለኝ። ልቤ ደነገጠ። ስንት ዓመት ያስከፈለኝ የጣርማ በር ቁልቁለት ለእኔ ሊከፍለኝ ነው ማለት ነው! ቆይቶ ግን «ባትሪው ሙሉ ከሆነ አይቀበልም፤ ያኔ የሚይዘው ያው ሸራው ነው» አለ። ስለዚህ መብራት በመጣ ቀን ሳልሞላ መውረድ አለብኝ፤ በጠፋ ቀን ደግሞ የምወጣበት የለኝም።

«ለመሆኑ ስንት ነው?» አልሁት። ነገረኝ። በጎቼን ቆጥሬ ጨረስሁና ወደ ጎረቤቴ በጎች ተሻገርሁ።