የመሥሪያ ቤት ፋይል በኦንላይን ማስቀመጫ፦ ከውልደት እስከ ውርስ

1. ትርጓሜ

የኦንላይን ፋይል ማስቀመጫ፣ ባለቤቱ ፋይሉን የት እንዳደረገው ቢረሳም ፋይሉ ሳይጠፋ እንዲቆይ የሚያደርግ አገልግሎት ነው። በዚህ አገልግሎት የተቀመጠ ፋይል አይጠፋም፤ አይገኝም እንጂ። ትክክለኛ መኖሪያው ብዙ ዲስኮች የተደረደሩበት የመረጃ ማዕከል ነው፤ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ቅጂው ከአንድ ቦታ በላይ ይያዛል። የመሥሪያ ቤት ሰው ግን ይህን ሁሉ «ድራይቭ ላይ አለ» ብሎ ያሳጥረዋል። አባባሉ ሁለት አገልግሎት አለው፦ የፋይሉን መኖር ያረጋግጣል፤ ተናጋሪው ሊፈልገው እንዳላሰበም ያሳውቃል።

2. አመጣጥ

ከዚህ በፊት የነበረው ዘመን የፍላሽ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሪፖርት ከቢሮ ወደ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ይጓዝ ነበር፤ በየደረሰበትም ቫይረስ ይሰበስብ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ነው። ፍላሽ ሰውን ያስቸገረው እዚህ አገር ብቻ አይደለም። የድሮፕቦክስ መሥራች ድሩ ሂውስተን እንደሚናገረው፣ ሐሳቡ የመጣለት ከቦስተን ወደ ኒው ዮርክ በአውቶቡስ ሊጓዝ ሲል ፍላሹን ረስቶ በመውጣቱ ነው። ከአራሽ ፈርዶውሲ ጋር ድርጅቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዋንድራይቭ የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። ጉግል በ2006 ራይትሊ የተባለውን የኦንላይን መጻፊያ ገዝቶ ጉግል ዶክስን አበጀ፤ ጉግል ድራይቭን ያወጣው ደግሞ በኤፕሪል 2012 ነው።

እነዚህ አገልግሎቶች የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ ተክተዋል፤ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ግን አልተኩም። በቀድሞው አሠራር ደብዳቤ ሲገባ በገቢ መዝገብ፣ ሲወጣ በወጪ መዝገብ ይሰፍራል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ወደሚመለከተው ክፍል ይመራል፤ ቀሪው ከፋይሉ ጋር ይያያዛል። ደብዳቤ የጠፋበት ኃላፊ የሚጠይቀው መደርደሪያውን ሳይሆን መዝገብ ቤት የምትሠራውን ሴት ነበር፤ እሷም ከመቀመጫዋ ሳትነሳ የፋይሉን ቁጥር ትነግረዋለች። ሥራው ወደ ኦንላይን ሲዛወር መደርደሪያው እጅግ ሰፋ፤ እሷ ግን ወደ ሌላ የሥራ መደብ ተዛወረች። መሣሪያውን በሚገባ መጠቀም ማለት እሷ ትሠራው የነበረውን ሥራ ለአንድ ሰው መልሶ መስጠት ማለት ነው። ቀጥሎ ያሉት ክፍሎች ይህንን በፋይሉ የዕድሜ ቅደም ተከተል ያሳያሉ።

3. ውልደትና ስያሜ

በጉግል ዶክስ የሚወለድ ፋይል ሁሉ መጀመሪያ «ርዕስ የሌለው ሰነድ» ይባላል። ጸሐፊው የስም ሳጥኑን ሲነካ መሣሪያው የሰነዱን የመጀመሪያ መስመር ስም አድርጎ ያቀርብለታል። በአማርኛ ደብዳቤ የመጀመሪያው መስመር ቁጥርና ቀን የሚጻፍበት ስለሆነ፣ ድራይቩ «ቁጥር» እና «ቀን» በሚባሉ ፋይሎች ይሞላል፤ ቁጥሩና ቀኑ ገና ስላልተሞሉም አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር አይኖርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕድገት በየመሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ነው። ፋይሉ በቅደም ተከተል «ሪፖርት»፣ «ሪፖርት ፋይናል»፣ «ሪፖርት ፋይናል 2»፣ «ሪፖርት ፋይናል የታረመ»፣ «ሪፖርት ፋይናል ኃላፊው ያዩት» ይባላል፤ በመጨረሻም «ይሄኛው» ይሆናል። «ይሄኛው» ከተባለ በኋላ የሚያድግበት ደረጃ የለም። ታትሞ ማኅተም የሚያርፍበት ግን ብዙውን ጊዜ «ፋይናል 2» ነው።

ይህን የስም ዝርያ ከሥሩ የሚያስቀር ነገር መሣሪያው ውስጥ ከመጀመሪያው አለ። ጉግል ዶክስ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ የሥሪት ታሪክ በፋይል ማውጫው ሥር ይይዛል፤ የተወሰነን ሥሪት «ለኃላፊ የቀረበ» ብሎ መሰየምና ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ከአንድ ፋይል በላይ አያስፈልግም። አሠራሩ የሚፈርሰው ሰነዱ ወደ ላፕቶፕ ወርዶ፣ በዎርድ ተነካክቶ፣ በአዲስ ስም ተመልሶ ሲጫን ነው። ተመልሶ የመጣው ራሱን የቻለ ሌላ ፋይል ነው፤ ታሪክም የለውም። እንደ ዎርድና ፒዲኤፍ ላሉ ፋይሎች ድራይቭ የቆዩ ሥሪቶችን የሚጠብቀው ለ30 ቀን ወይም እስከ 100 ሥሪት ነው፤ ከዚያ በኋላም እንዲቆይ የተፈለገውን ለይቶ «ለዘለዓለም ይቀመጥ» ማለት ያስፈልጋል።

ስያሜ በቀን ሲሆን ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። «የ2016 ሪፖርት» የሚለው ስም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ካልተነገረ ሁለቱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይራራቃሉ። በወር ስም የተሰየሙ ፎልደሮች ደግሞ በፊደል ተራ ሲደረደሩ ዓመቱ በሐምሌ ይጀምራል። ይህ ከመንግሥት የበጀት ዓመት ጋር ስለሚገጥም ለጥቂት ጊዜ ሰውን ያሳስታል፤ ከሐምሌ ቀጥሎ ግን መስከረም፣ ከመስከረም ቀጥሎ መጋቢት ይመጣል፤ ጥርም ከጥቅምት ይቀድማል። ቦታዋን የማትለቅ ጳጉሜን ብቻ ናት። መፍትሔው ዓመትን፣ ወርንና ቀንን በዚህ ቅደም ተከተል በአኃዝ መጻፍ ነው፦ 2016-11-03 ቢባል ፋይሎቹ ከ01 እስከ 13 ባሉት ወሮች ራሳቸውን ያሰልፋሉ።

4. ፈቃድ

ድራይቭ ለሰው ሦስት ማዕረግ ይሰጣል፦ ተመልካች፣ አስተያየት ሰጪ እና አርታዒ። ከሁሉም በላይ ባለቤቱ አለ። በመሥሪያ ቤት ልማድ ማዕረጉ የሚታደለው በሥራ ድርሻ ሳይሆን በክብር ነው። ኃላፊ ተመልካች ተደርጎ ሊንክ ቢላክለት ቅር ስለሚለው አርታዒ ይደረጋል፤ በስልኩ ሲያነብ ጣቱ ሦስት አንቀጽ ይሰርዛል፤ በማግስቱም ስብሰባ ጠርቶ አንቀጾቹን ማን እንዳጠፋቸው ይጠይቃል። የሥሪት ታሪኩ መልሱን ከነሰዓቱ ይዟል፤ የሚከፍተው ሰው ግን አይገኝም። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የሚስማማው የአስተያየት ሰጪ ማዕረግ ነው፦ ያረመው ሁሉ እንደ ሐሳብ ተመዝግቦ ይቆያል፤ ጽሑፉ ውስጥ የሚገባው አርታዒ ሲቀበለው ብቻ ነው።

ተቃራኒው ጥፋት ሊንኩን ከልክሎ መላክ ነው። ሊንኩ ለሠላሳ ሰው በቴሌግራም ግሩፕ ይላካል፤ የከፈተው ሁሉ ፈቃድ እንዲጠይቅ ይነገረዋል፤ ጥያቄው ወደ ባለቤቱ ኢሜይል ይሄዳል፤ ባለቤቱ የዓመት ዕረፍት ላይ ነው። ግሩፑ ውስጥ «እባካችሁ አክሰስ ስጡኝ» የሚሉ መልእክቶች ተደርድረው ስብሰባው ያልቃል። ሊንክ ከመላኩ በፊት በሌላ ብራውዘር ከፍቶ ማየት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ሊንኩ ለማንኛውም ሰው የተከፈተ ከሆነ ደግሞ አካውንት ውስጥ ሳይገባ የሚያነብ ሰው በስሙ ፈንታ የእንስሳ ስም ተሰጥቶት ይታያል። ከእንስሳቱ መካከል ጅብ፣ ዋልያን የሚመስል የተራራ ፍየልና ኳጋ ይገኙበታል። ኳጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከምድር የጠፋች የሜዳ አህያ ዓይነት ናት፤ ይህ ግን የመሥሪያ ቤቱን የደመወዝ ሰንጠረዥ ከማንበብ አያግዳትም። በሰነዱ አናት ላይ ስም የለሽ ጅብ የታየበት መሥሪያ ቤት ሊንኩ ከግሩፑ መውጣቱን ይረዳል፤ አጠቃላይ ፈቃዱንም «የተገደበ» ወደሚለው ይመልሰዋል።

ከፈቃድ ጉዳዮች ከባዱ ባለቤትነት ነው። ሠራተኛው ሰነዱን በግል ጂሜይሉ ከፍቶ ከነበረ፣ ሥራ ሲለቅ ክሊራንስ ሞልቶ ወንበሩን፣ ላፕቶፑንና መታወቂያውን ያስረክባል፤ የመሥሪያ ቤቱ የአምስት ዓመት ዕቅድ ግን አብሮት ይሄዳል። በክፍያ የሚገኘው የጋራ ድራይቭ ይህን ያስቀራል፤ በውስጡ ያለ ፋይል ባለቤት ድርጅቱ ነውና። አቅሙ ለሌለው መሥሪያ ቤት የክሊራንሱ ቅጽ ላይ «የፋይል ባለቤትነት ተላልፏል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።

5. የጋራ ሥራ

በአንድ የጉግል ዶክስ ሰነድ ላይ እስከ 100 ሰው በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል። በተግባር አንድ ሰው ይጽፋል፤ የቀሩት ጠቋሚው ሲንቀሳቀስ ያያሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ደውሎ «አሁን ነካክቼዋለሁ፣ ታየህ?» ይላል። ቃለ ጉባኤ በዚህ መንገድ ሲያዝ ግን እውነተኛ ጥቅም አለው፦ ተሰብሳቢዎች የተናገሩት ሲጻፍ ስለሚያዩ «እንዲህ አላልኩም» የሚለው ክርክር ፊርማ ላይ ሳይሆን እዚያው ያልቃል። አስተያየት በሚጻፍበት ሳጥን የአንድን ሰው ኢሜይል ከ@ ምልክት ጋር ጠቅሶ ሥራውን ለእርሱ መምራትም ይቻላል። ይህ በመዝገብ ቤት «ለአቶ እገሌ ተመርቷል» ተብሎ በእስክሪብቶ ይሠራ የነበረው ነው።

ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ሥራው እንዳይቆም ፋይሉን ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ይህን ማስተካከያ ማብራት የሚቻለው ግን ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ነው። አብዛኛው ተጠቃሚ ስለ ማስተካከያው የሚያስታውሰው ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ነው።

6. ፍለጋ

የመፈለጊያ ሳጥኑ የፋይሉን ስም ብቻ ሳይሆን በውስጡ ያለውንም ጽሑፍ ያያል፤ ከጎኑ ያለው ማጣሪያም በዓይነት፣ በባለቤትና በተለወጠበት ጊዜ ይለያል። ሆኖም መሣሪያው የተጻፈለትን ፊደል እንጂ የታሰበውን አያውቅም። አንዱ ጸሐፊ «ዓመታዊ» ሌላው «አመታዊ»፣ አንዱ «ደመወዝ» ሌላው «ደሞዝ»፣ አንዱ «ፀሐፊ» ሌላው «ጸሀፊ» ብለው ከጻፉ፣ አንዱን ጽፎ ሌላውን አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። የፊደል አጻጻፍ ክርክር በሊቃውንት ዘንድ ገና ባይዘጋም፣ መሥሪያ ቤቱ ለፋይል ስም ብቻ አንዱን መርጦ መጽናት ይችላል፤ ለምን ይህን መረጠ ብሎ የሚከሰው የለም።

ከዚህ የባሰው የቆየ ሰነድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሰነዶች የሚጻፉት ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ ዶክስ ላይ ሲከፈት በላቲን ፊደላትና በሥርዓተ ነጥብ የተሞላ ገጽ ይሆናል። ፋይሉ ደኅና ነው፤ የሚያነበው ፎንት ግን እዚያ የለም። አንደኛው መንገድ ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም ማሳለፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ፎንቱ ባለበት አሮጌ ኮምፒውተር አትሞ፣ ስካን አድርጎ፣ ምስሉን ድራይቭ ላይ በጉግል ዶክስ መክፈት ነው፤ መሣሪያው ከምስሉ ላይ ጽሑፉን ያነባል። ያነበበውን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት አይቀርም፤ ረዘም ያለ ትዕግሥት ያለው ሠራተኛም ያስፈልጋል።

7. አቅም

በነፃ የሚሰጠው መጠን በድሮፕቦክስ 2 ጊጋ ባይት፣ በዋንድራይቭ 5፣ በጉግል 15 ነው። የጉግሉ 15 ለድራይቭ፣ ለጂሜይልና ለፎቶ በጋራ የሚውል ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2021 ጀምሮ የሚጫኑ ፎቶዎችም ስለሚቆጠሩ፣ ቦታውን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሪፖርት ሳይሆን የሠርግ ቪዲዮ ነው። ሲሞላ ጂሜይል አዲስ መልእክት መቀበል ያቆማል፤ በዚያን ሰሞን የተላከ የጨረታ ጥሪ ለላኪው ይመለሳል፤ ተቀባዩም ወሩን በጸጥታ ያሳልፋል።

በዚህ ጊዜ ልማዱ ትናንሽ የዎርድ ፋይሎችን አንድ በአንድ መሰረዝ ነው። መቶዎቹ ተሰርዘው አንድ ደቂቃ ቪዲዮ የሚያህል ቦታ አያስገኙም። የማከማቻ ገጹ ፋይሎችን ከትልቅ ወደ ትንሽ ስለሚደረድር ከላይ ካሉት መጀመር ይበቃል። ሌላ ሰው ያካፈለው ፋይል በተቀባዩ ላይ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው በባለቤቱ ነው። ስለዚህ «ከእኔ ጋር የተጋሩ» የሚለውን ማጽዳት ድካም እንጂ ቦታ አይሰጥም።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ አምልጦ ፋይሉን ወደ ቴሌግራም፣ ለራሱ መልእክት ወደሚልክበት ክፍል ይወስዳል። በነፃ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ባይት ይቀበላል፤ የጠቅላላ መጠን ወሰን የለውም። መጽሐፍ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የኪራይ ውልና የዶሮ ወጥ አሠራር በአንድ መስመር ተከታትለው ይቀመጣሉ። አቀማመጡ በደረሱበት ሰዓት ስለሆነ የኪራይ ውሉን የሚፈልግ ሰው ወጡ የተሠራበትን ሰሞን ማስታወስ ይኖርበታል።

8. ስረዛና ውርስ

የተሰረዘ ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል። በዚያ ጊዜ ከቦታ ልኬቱ አይቀነስም፤ ቅርጫቱ ባዶ ሲደረግ ነው የሚቀነሰው። እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት ቅርጫቱ እስኪያፈሱት ድረስ ፋይሉን ይዞ ስለሚቆይ ብዙዎች ቅርጫትን እንደ ፎልደር ይጠቀሙበት ነበር። የለመዱት ፋይላቸውን በ31ኛው ቀን ሲፈልጉ ለውጡን ተረድተዋል።

አካውንቱም ራሱ ዕድሜ አለው። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል፤ በዓመት አንድ ጊዜ መግባት ይህን ያስቀራል። ባለቤቱ ከሦስት እስከ አሥራ ስምንት ወር ድምፁ ሲጠፋ ፋይሎቹን የሚረከቡ እስከ 10 ሰዎችን አስቀድሞ መሰየምም ይቻላል። ማስተካከያው ርስት ለማውረስ እንጂ ለማስታረቅ አልተሠራም፦ ወራሾቹ «ፋይናል 2»ን፣ «ፋይናል የታረመ»ንና «ይሄኛው»ን እኩል ይረከባሉ፤ የትኛው እንደሚጸና ግን አይነግራቸውም። ያንን የሚነግር አንድ ገጽ ሰነድ፣ የፎልደሮቹን ቁጥርና የየባለቤቱን ስም ይዞ በዋናው ፎልደር አናት ላይ ይቀመጣል፤ ስሙም በ00 ቢጀምር ሁልጊዜ ከላይ ይውላል።