ጅቡስ ይሻላል

እንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ጅብ ብርቅ አይደለም። ሌሊት ከጫካ ወርዶ የቆሻሻ ገንዳውን ይፈትሻል፤ አጥንቱን ቆርጥሞ ሳይነጋ ይመለሳል። የሚተወው ደረሰኝ፣ ከበላው አጥንት የተነሣ የነጣ ዓይነ ምድሩ ብቻ ነው። ሐረር ላይማ ሰው በአፉ በያዘው እንጨት ሥጋ ያጎርሰዋል፤ ቱሪስትም ከፍሎ ያያል።

እኔን ያስቸገረኝ የጎረቤቴ ውሻ ነው። ቀን እኔ ግቢ ተኝቶ ይውላል፣ ማታ እነሱ በር ላይ ይጮኻል። ጫማ ይወዳል፤ በተለይ የግራውን። ጦጦች መጥተው የግቢዬን ኮክ ሲለቅሙ ግን እንደ ምርጫ ታዛቢ ቁጭ ብሎ ያያል። (ድመታቸውን አላነሣም። አይጡ ከእነሱ ቤት፣ ወተቱ ከእኔ።)

አቤት ልል ሄድኩ። «ኧረ ልጄ፣ እሱ እኮ ዶሮ አይነካም!» አሉኝ እትዬ። ከኋላቸው ውሻው የዶሮዬ ላባ ጢሙ ላይ ተለጥፎ ቆሟል። «ደግሞ አንተን ይወድሃል» ሲሉ ጨመሩልኝ።

ትናንት ሌሊት ጅቡ ሲያጓራ፣ ይኸው ጀግና አልጋዬ ሥር ተገኘ። ጠዋት እትዬ በሬን አንኳኩ፦

«ምነው ልጄ፣ ዘበኛዬን አግተህ ታሳድርብኛለህ?»