ጨው የሌለው ባሕር

እኛ የከፋ ሰዎች፣ ይልቁንም ደካ ተወልደን ለትምህርት ቦንጋ የወጣን፣ ከባሕር ጋር ያለን ዝምድና ይቈጠር ቢባል፣ ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች ተብሎ ከመጻፉ በቀር የሚጠቀስ ነገር አይገኝም። እርግጥ ነው፣ በነገሥታቱ ዘመን ከቦንጋ ገበያ የተነሣው ዝባድና የዝሆን ጥርስ በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ በጎንደር አድርጎ ምጽዋ ይወርድ ነበር፤ ቡናችንም እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጂቡቲ መርከብ ይሳፈራል፤ ባለቤቱ ግን ከጎጀብ ወንዝ የሰፋ ውኃ ሳያይ ያረጃል።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ቡናው ተሸጦ እጃችን ለጥቂት ቀን ረጠብ ባለበት ሰሞን፣ ባለቤቴ «ልጆቹ አንድ ጊዜ ባሕር ዳርቻ ይዩ» የሚል አሳብ ብታመጣ፣ በቤታችን ከሠለስቱ ምዕት ጉባኤ የማይተናነስ ክርክር ተነሣ። የጉባኤው ሊቅ የባለቤቴ አጎት ነበሩ፤ ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. እስክትያዝ ድረስ በባሕር ኃይል ያገለገሉ፣ ከዘመዶቻችን ሁሉ ባሕርን በዓይናቸው ያዩ ብቸኛ ሰው ናቸውና፣ ያገለገሉት በመርከብ ላይ ሳይሆን በየብስ፣ በወጥ ቤት፣ ሽንኩርት በመላጥ መሆኑን ታላቅ እኅታቸው (አማቴ ናቸው) በየመካከሉ ባያስታውሷቸው ኖሮ እስካሁን በገዛ አንደበታቸው አድሚራል በሆኑ ነበር።

ጋሼ ከምጽዋ ከጉርጉሱም አሸዋ በቀር ሌላ ዳርቻ አልታያቸውም፤ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. የአስመራ በረራ እንደገና ስለ ተጀመረ መንገዱ ቀና ነው ሲሉ፣ አማቴ «ኖኅ እንኳ ወደ ውኃ በሰማይ አልሄደም» ብለው ምጽዋን በአንድ ቃል አወገዟት። ስለ ጂቡቲ ደግሞ ባቡሩ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መንገደኛ እንደሚጭን፣ ጥር ላይም ሙቀቱ እንደሚበርድ አስረዳሁ፤ ነገር ግን በክረምት ከ40 ዲግሪ ያልፋል መባሉን አንድ ጊዜ የሰማ፣ ዝናብ ሳምንት ቢያቋርጥ «ድርቅ ገባ» የሚል የከፋ ሰው ጥርን ከክረምት የሚለይበት ትዕግሥት አልነበረውም። ሞምባሳ በፓስፖርት ወጪ ወደቀች። ትልቁ ልጄ፣ ደናክል ጥንት ባሕር እንደ ነበረ፣ ውኃው ተኖ ጨው ብቻ እንደ ቀረ ቢያወሳ፣ አማቴ «ባሕሩ ራሱ ትቶት የሄደውን አገር እኛ ምን ልናደርግበት ነው?» አሉ፤ መልስም አልተገኘለትም።

በዚህ ጊዜ ከልጅነቴ የቃረምኳት ግእዝ ነበረችኝና እርስዋን አወጣሁ። በግእዝ ሐይቅ ማለት የባሕር ዳርቻ እንደ ሆነ፣ በአማርኛ ግን ስሙ ከዳርቻው ወደ ውኃው ተሻግሮ እንደ ቀረ፣ ጣናም ጨው ሳይኖርበት ከተማይቱ ባሕር ዳር ስትባል ማንም እንዳልተከራከረ ዘርዝሬ፣ ላንጋኖ ሐይቅ የሄደ ሰው በትርጓሜ ባሕር ዳርቻ ሄዷል ብዬ ደመደምኩ። ከሊቅነቴ ይልቅ የጉዞው ዋጋ ማነሱ ጉባኤውን እንደ ረታው አልክድም።

በጅማ በኩል አዲስ አበባ ገብተን አድረን፣ በማግሥቱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወርደን ላንጋኖ ደረስን። ውኃው ሰማያዊ አልነበረም፤ ወተት ጠብ ያለበት ቡና ይመስላል። ልጆቹ ለመግባት ሲጣደፉ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏቸው፤ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ጣታቸውን ነክረው፣ ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ጫፍ ነኩት።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኩ።

«ሳሙና ሳሙና ይላል። ጨው የለውም። ጨው የሌለው ባሕር የለም፤ ግእዝህ አታሎናል» ብለው ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ተቀመጡ።

አማቴ አልመለሱላቸውም። ከደካ ድረስ በጭናቸው ላይ አቅፈው ያመጧትን ጀበና ከዛፉ ሥር ጣዱ፤ ነፋሱ ፍሙን እየጎበኘ አመዱን በነጠላቸው ላይ ሲበትን እንኳ ፊታቸው አልተለወጠም። ቡናው ሲወርድ የጋሼን ሲኒ ለብቻዋ ቀድተው ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ቆንጠር አድርገው ጨመሩባት። በገጠራችን ቡናን በጨው መጠጣት የታወቀ ነው፤ ጋሼ ግን ከምጽዋ ከተመለሱ ወዲህ ያለ ስኳር ቀምሰው አያውቁም።

ፉት አሉ። ቆም ብለው ሲኒዋን አዩ፤ ዞረው ሐይቁን አዩ፤ እንደገና ፉት አሉ።

«እታለም፣ ይህን ውኃ ከየት ቀዳሽው?»

«ከዚሁ፣ ከኋላህ ካለው» አሉ አማቴ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣነው ጀሪካን ከጉልበታቸው ሥር ተቀምጦ።

ጋሼ አቦሏን ሳይጨርሱ ሲኒዋን አሸዋው ላይ አኖሩ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ልጆቹን በግራና በቀኝ አሰልፈው ገቡ። ውኃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሳያልፍ ድምፃቸው እኛ ዘንድ ይሰማ ነበር፤

«ማዕበል ሲመጣ በደረት ነው የምትቀበሉት! እኔን እዩ!»