እግር የማይደርስበት

ቁመቴ 1 ሜትር ከ94 ነው። ለጉራ አይደለም የምናገረው፤ በቁመቱ የሚኮራ ሰው ግንባሩ ላይ ጠባሳ አይኖረውም። አርባ ምንጭ ውስጥ ያሉ በሮች ለእኔ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ የመቱኝና ገና ያልመቱኝ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ ስወጣ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ይማከራል። አንዱ ሾፌርማ አተጣጠፌን በመስታወቱ ሲያይ ቆይቶ፣ ስወርድ «የሁለት ሰው ነው» ብሎ ሂሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩ። ክርክር ቀና ብሎ መቆም ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ገና እየተዘረጋሁ ነበር።

ተመርቄ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ሥራዬ ላንቴና ሼሌ ባሉ የሙዝ ማሳዎች ላይ ሆነ። በዚያው ሰሞን እቁብ ወጣልኝ። ሞተር ልገዛ መሆኑን ለእናቴ ብቻ በሹክሹክታ ነገርኳት፤ ማታውኑ ሰፈሩ በሙሉ ለምክር መጣ።

አጎቴ «ከኋላው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ሁለት ሦስት ዘለላ ሙዝ የሚችል» አለ። ጓደኛዬ «አፓቼ ካልሆነ ፎቶ ላይ አያምርም» አለ። እናቴ «ቦክሰር» የሚል ስም ስትሰማ ክው አለች፤ «ስሙ ራሱ ለቡጢ የተዘጋጀ ነው» ብላ። ባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ የሚሠራው የሕንድ ኩባንያ ምርት ነው ብዬ ሳረጋጋት፣ «ታዲያ ሦስተኛውን እግር ለምን ነፈጉህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ሳስበው፣ ከእናቴ በቀር ሁሉም የሚመርጥልኝ የራሱን ሞተር ነበር።

ከሞተሩ በፊት ሄልሜት ገዛሁ። ገና ሳልነዳ ጥቅሙን አየሁት፤ አጥልቄው ወደ ቤት ስመለስ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችንን ሳልፈራ ገባሁ።

ቀጥሎ ማሠልጠኛ ገባሁ። የሞተር ትምህርት ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ የጋራዡን መዝገበ ቃላት ረስቶት ሄዷል። ቃላቱን ቶሎ ያዝኩ። መከራው የመጣው አስተማሪዬ መሬት ላይ በኖራ «8» ጽፎ «በዚህ ላይ ዙር» ያለኝ ቀን ነው። መሪው ሲዞር ጉልበቴን አንኳኳ፤ ጉልበቴም የሚሄድበት ስላልነበረው አልከፈተለትም። ሞተሯም እኔም ስምንቷ ላይ ተጋደምን። «ጉልበትህን ሰብስብ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። 22 ዓመት ሙሉ ስሰበስበው የኖርኩት ጉልበት ነው፤ ከዚህ በላይ የት አባቱ ይግባ?

በመቆም ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። አብረውኝ የሚማሩት በእግራቸው ጣት መሬት ሲፈልጉ፣ እኔ ሁለት እግሬን ግራና ቀኝ ተክዬ እንደ ድንኳን እቆማለሁ። የሞተር ትምህርት መቆም ብቻ ቢሆን ኖሮ በማዕረግ በተመረቅኩ ነበር።

ግዢው ተጀመረ። አንድ ባለ 100 ሲሲ ላይ ገና ከመቀመጤ ሻጩ «ልክህ ነው!» አለ። ከመሬት እስከ ወንበሩ ስለካው 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ጓደኛዬ ያነሳኝን ፎቶ ሳየው ፍየል የጋለበ ግመል መስያለሁ። በረንዳው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ የዶርዜ ሽማግሌ ብዙ ሲያዩኝ ቆዩ። የዶርዜ ቤት ሲሠራ እንደ ዝሆን ግዙፍ፣ እንደ ዛፍ ረጅም ነው፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ግን ዓመት በዓመት እያጠረ ይሄዳል። እሳቸውም ይህንኑ አስበው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ሞተሩ አያድግልህም። ወይ ምስጥ እስኪበላህ ጠብቅ፣ ወይ ሌላ ፈልግ» አሉኝ።

ሌላ ፍለጋ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሜትሬን አይተው ሳቁ። «የምትለካው የአጭር ሰው ልክ ነው» አሉኝ። «ከመሬት እስከ ወንበር የሚያስጨንቀው እግሩ ለማይደርስ ሰው ነው። አንተ ከወንበሩ እስከ እግር ማሳረፊያው ለካ፤ ጉልበትህ የሚታጠፈው እዚያ ነው። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረው። ጉልበትህን ከነካህ ተወው። ካልነካህም ሞተሩ እንደቆመ አሥር ደቂቃ ተቀመጥበት፤ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ወገብህ ራሱ ይነግርሃል። ትንሽ ከጎደለህ ሶፋ ሠሪ ወንበሩ ላይ ስፖንጅ ይጨምርልሃል፣ መሪውም ከፍ ይደረጋል። ብዙ ከጎደለህ ግን ሶፋውን ራሱን ግዛ።»

«አጎቴ ለቁመትህ 200 ሲሲ ካልሆነ አይመጥንህም ይላል» አልኳቸው።

«ፊደል ስትቆጥር ረጅም ነህ ተብሎ ከሀ ዘለህ ከለ ጀመርክ?» አሉኝ። «የረዘመው እግርህ ነው፤ ልምድህ ገና አልበቀለም። ለጀማሪ 125 ይበቃል። ከባድ ሞተር አንዴ ካዘነበለ እንኳን አንተን እኔንም ይዞ ይወድቃል።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከአንድ ፕሮጀክት በጨረታ የወጣች ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 አገኘሁ። ቀለሟ ተልጧል፣ አንዱ ፍሬቻዋ በፕላስተር ታስሯል፤ ወንበሯ ግን 84 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። አራት ሴንቲ ሜትር ምን ይሠራል የሚል ካለ በሮችን ይጠይቅ፤ ግንባርን የምታድነው አንዷ ሴንቲ ሜትር ናት። ተቀመጥኩ፣ መሪውን አዞርኩ፣ ጉልበቴ ዝም አለ። አሥር ደቂቃ ሞላ፤ ወገቤም ዝም አለ። በዚያው ሳምንት የሴቻን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁት። ከላይ ቆሜ የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜርን ድልድይ ቁልቁል ሳይ፣ ለካ እስከዚያች ቀን ይህን መንገድ የማውቀው በባጃጅ ሸራ ቀዳዳ ነበር።

የሞተሯ ትልቁ በጎነት ግን የታየኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። በእኛ ሰፈር ሊብሬው በአንድ ሰው ስም ይሁን እንጂ ሞተር የጋራ ነው፤ ወደ ባለቤቱ የሚመለሰው ቤንዚን ሲያልቅ ብቻ ነው። አጎቴ በማለዳ የሙዝ መጫኛ ገመዱን በትከሻው ጣል አድርጎ መጣና «አንዴ ብቻ፣ ደርሼ ልመለስ» አለ። ቁልፉን ሰጠሁት። እንዴት እከለክላለሁ? ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ፤ እግሩ ግን መሬት አልወረደም። በግራ ጣቱ ሲፈልግ በቀኝ አዘነበለ፣ በቀኝ ሲፈልግ በግራ። ደግፌ አወረድኩት። ቁልፉን እየመለሰ «ይሄ ሞተር ነው ወይስ የዶሮ ቆጥ?» አለኝ። ከሰዓት ጓደኛዬ ለፎቶ መጣ፤ ፎቶውን ከአጠገቧ ቆሞ ተነሳ።

ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሞተሬን ማንም አልተዋሰኝም፣ ከማንም ጋርም አልተቀያየምኩም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሞተራችሁን ልትገዙ ያሰባችሁ ረጃጅሞች፦ ለጉልበታችሁ ብላችሁ የለካችሁት ለወዳጅነታችሁም ይሆናል፤ የእናንተ እግር የሚደርስበትን፣ የዘመድ እግር የማይደርስበትን ግዙ።

አንድ ሥጋት ብቻ አለኝ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 15 ዓመት ሞላው። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንገባ፣ በሩ ላይ ጎንበስ ሲል አየሁት።